የሸምሱ ቁርቁራና የረቢአ ውኃ

ከከሚሴ ወጥቶ ወደ ጨፋ በሚያወርደው መንገድ ዳር፣ ባጃጆች ተሳፋሪ አራግፈው ከሚመለሱበት ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ የሸምሱ ችግኝ ማፍያ አለ፤ ቤቱም እዚያው ግቢ ነው። ማንጎው፣ ፓፓያው፣ ዘይቱኑ፣ ሎሚው በየጥቁር ፕላስቲኩ ተደርድሯል። ዙሪያው በሽቦ ታጥሯል። የዛሬ ዓመት በዚያ ያለፈ ሰው ግን ይህን ሽቦ አያውቀውም፤ ያን ጊዜ አጥሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ዶሮ እንኳ የማያሳልፍ ቁርቁራ ነበር። «አጥሩን ምን አገኘው?» ብሎ የሚጠይቅ መንገደኛ አይጠፋም። ሸምሱም «ተባይ በላው» ይልና ወደ ችግኙ ጎንበስ ይላል። ውሸት አላለም። ቢሆንም ይህን ባለ ቁጥር ጆሮው ይግላል፤ ነገሩ የአጥር ብቻ አልነበረምና።

ሸምሱ የዛፍ ሰው ነው። ገና ጢም ሳያበቅል በመንግሥት ችግኝ ጣቢያ ውኃ ቀጂ ሆኖ ገባ፤ እያየ ተማረ፤ ማዳቀል ሲችል ጣቢያው ተዘጋና የራሱን ከፈተ። የአንዱን ዛፍ እንጨት ከሌላው ጋር አጋጥሞ፣ በላስቲክ አስሮ፣ በቀጭን ቢላዋው ጫፍ እየጎበኘ ሕይወት ሲያስዘራው ላየ ሰው ሐኪም ነው የሚመስለው። «ሸምሱ ከተከለው ድንጋይም ይበቅላል» ይሉ ነበር። እሱ ደግሞ ይህን ሲሰማ «አላህ ነው እንጂ» ይላል፤ ቢሆንም ትንሽ ይጣፍጠዋል። ወሬ አያበዛም። ስለማያበዛም የተናገራት ነገር ሁሉ ትታመናለች፤ «ሸምሱ ካለማ አለ ነው» ይባላል። እንዲህ ያለ ሰው ሲስት አገሩን ይዞ ነው የሚስተው።

ቁርቁራውን ከፍሬው ጀምሮ ያሳደገው እሱ ራሱ ነበር። አጥር ሆኖ ከብት ይከለክላል፣ ልጆች ፍሬውን ይለቅማሉ፣ ቅጠሉ ደግሞ ለሌላ ነገር ይፈለጋል፤ ሙስሊም ሲሞት የሚታጠበው የቁርቁራ ቅጠል በተወቀጠበት ውኃ ነው። በዚያ ሰፈር ሰው በሞተ ቁጥር አንዱ መጥቶ «አያ ሸምሱ፣ ቅጠል» ይላል፣ ሸምሱም እሾሁን እየገለጠ ይቆርጥለታል። ዋጋ አይጠየቅበትም።

ባለፈው ዓመት በክረምቱ መግቢያ ባቲ ገበያ ወረደ። እዚያ ከአፋር በኩል የመጣ አንድ ግመል ነጂ ቁርቁራ ሲሸጥ አየ፤ ፍሬው ትልልቅ፣ ሥጋው ወፍራም፣ ከኛው ቁርቁራ ጋር ስም ብቻ ነው የሚጋራው። ሸምሱ አንዷን ቀመሰና ልቡ ሄደ። ሰውየውን ተከትሎ ወደ በረሃው ጫፍ ወረደ፤ በደረቀ ወንዝ ዳር ከበቀሉት ቁጥቋጦዎች ቅርንጫፍ ቆራርጦ፣ በረጠበ ጆንያ ጠቅልሎ ይዞ ተመለሰ። ከግብርና ጽሕፈት ቤቱ የዕፅዋት ባለሙያው ጌዲዮን ችግኝ አፍዮቹን ሰብስቦ «ከቆላ ሕይወት ያለው ነገር ሳታሳዩኝ እንዳታመጡ» ብሎ መክሮ ነበር። ሸምሱም ያን ቀን ራሱን ነቅንቋል። ግን የዛፍ ነገር ለሱ ይነገራል እንዴ? ጌዲዮን ሳይወለድ ሲያዳቅል የኖረ ሰው ነው። ከቅርንጫፎቹ በአንዱ ላይ አተር አተር የሚያካክሉ ጉጦች እንዳሉ አይቷል፤ በጣቱም ዳስሷቸዋል። «የበረሃ እንጨት ጉጥ አያጣም» አለና ከአጥሩ ቁርቁራ ጋር አዳቀለው፤ ለሽያጭም ጥቂት ችግኝ አዳቀለበት።

ድቅሉ ያዘ። ዝናቡ ሲያግዘው አጥሩ በሙሉ አዲስ ቅጠል አውጥቶ ያብረቀርቅ ጀመር። መንገደኛው ቆሞ ያየዋል። ረቢአም ቆማ ያየችው በዚህ ጊዜ ነው።

ረቢአ ከሸምሱ ቤት ሁለት አጥር አለፍ ብላ የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሥራዋ እንጀራዋም ባይሆን ክብሯ ነው፤ ሴት ስትሞት የምታጥበው እሷ ናት። ለአላህ ብላ እንጂ ሳንቲም አትቀበልም። እጇ ለስላሳ ነው፣ ያጠበችው ጀናዛ ምስጢር ከአፏ አይወጣም፤ ሴቶቹ በቁማቸው «እኔን ረቢአ ትጠበኝ» ብለው ይናዘዛሉ። ከተናዘዙትም አንዷ የሸምሱ እናት ዓዲላ ነበሩ። ዓዲላና ረቢአ ዕድሜያቸው ቢራራቅም ነገራቸው አንድ ነው፤ ረቢአ ሳታያቸው አትውልም፣ ራሳቸውን ቅቤ ትቀባቸዋለች፣ በኦሮምኛ እየተቀላለዱ ይስቃሉ።

ያን ቀን ረቢአ ለቀብር ቅጠል ልትወስድ መጣች። አጥሩን ከላይ እስከ ታች አየችና «አያ ሸምሱ፣ ይሄ ቁርቁራህ ደሞ ሙሽራ መስሏል» አለች፤ ሳቀች፣ ቅጠሏን ይዛ ሄደች። «ማሻአላህ» ስትል አልተሰማችም። በዚያ አገር የሰው ልጅም ሆነ ጥጃ፣ ማሳም ሆነ ሙሽራ ሲያምር አይቶ ይህን ቃል ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው፤ የተደነቀው ነገር በዓይን ይነካል ይባላል።

ዝናቡ እንዳባራ ቁርቁራው ማበጥ ጀመረ። በቅጠሉ ጀርባ፣ በለጋው ቅርንጫፍ ዙሪያ ክብ ክብ እባጭ ወጣ፤ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ኋላ ቀይ፣ ኋላም እንደ እንጨት የጠነከረ። ቅጠሉ ተኮማተረ፣ አዲሱ ቀንበጥ ተጣመመ። ችግኝ ሊገዛ የመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ ያንን ያይና «ችግኙም እንዲህ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሸምሱ በሕይወቱ እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም።

የሰፈሩ ወንዶች ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቅሙት የቅሬ ዳኛው ኑርሁሴን ቤት ነው። የሰፈሩን ለቅሶና ቀብር የሚያስተባብረው ቅሬ እንዲህ ያለ ዳኛ አለው፤ ኑርሁሴን የተቀመጠበት ነገር ደግሞ ሲመሽ ከተማውን ያዳርሳል። ያን ቀን ኑርሁሴን «አያ ሸምሱ፣ አጥርህን ምን ነካው? እንደዚያ አምሮ» ሲል ጠየቀው። ሰዎቹ ሁሉ ወደሱ ዞሩ። ሸምሱ አያውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ደግሞ ለሱ ከባድ ነው፤ ስለ ዛፍ ተጠይቆ አላውቅም ያለበት ቀን የለማ።

«እንጃ» አለ ፈገግ ብሎ። «ረቢአ ሙሽራ መስሏል ብላኝ ሄደች። ማሻአላህ እንኳ አላለችም።»

ሳቁ። እሱም ሳቀ። እንዲያው ለጨዋታ ያህል ነበር። ግን አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? ነገሩ ከዚያ ቤት ከሱ ቀድሞ ወጣ። በሳምንቱ የኑርሁሴን የልጅ ልጅ አተኮሰው፤ ለካ ረቢአ ገበያ ላይ ጉንጩን ስማው ነበር። የአንዷ ላም ወተቷ ነጠፈ፤ ለካ ረቢአ በዚያ አልፋለች። አራሶች ሲያይዋት ሕፃናቸውን በነጠላ መሸፈን ጀመሩ። በመጨረሻም ከሰፈሩ አንዲት ሴት ስትሞት አጣቢ ከሌላ ቀበሌ ተጠራ። ረቢአ ውዱእ አድርጋ፣ ለሶላት እንደሚታጠቡት ታጥባ፣ ጥሪ ጠብቃ፣ ጀናዛው በደጇ ሲያልፍ በበሯ ስንጥቅ አየችው።

ሸምሱ ይህን ሲሰማ ከፋው። «ሰው ደሞ ሲያጋንን» አለ፤ ያጋነነው ሌላ ሰው ነዋ።

አንድ ጠዋት የታመሙትን ቀንበጦች ሊመለምል ተቀመጠ። አንዱ እባጭ ከእጁ አምልጦ ደረጃው ላይ ተንከባለለ። ችግኝ በሚያዳቅልበት ቢላዋ ለሁለት ከፈለው። ውስጡ እንደ ትንሽ ጎጆ ክፍት ነበር፤ በመካከሉ ከሰሊጥ የምታንስ ብርቱካንማ ትል ተጣጥፋ ተኝታለች። ሌላውን ከፈለ። በዚህኛው ውስጥ ቀይ አቧራ ነበር። መነጽሩን አድርጎ ተጠግቶ ሲያየው አቧራው ይንቀሳቀሳል፤ ከዶሮ ቅንቅን የሚያንስ ሕይወት ነው። ሦስተኛውንም አራተኛውንም ከፈለ። ከዚያ ቢላዋውን አስቀምጦ የባቲውን ቅርንጫፍ አስታወሰ። ጉጥ ብሎ የዳሰሰውን። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል እንዲሉ፣ ያሳመመውም የጮኸውም እሱ ነበር።

ሚስቱ ዙቤይዳ ከኋላው ቆማለች። የተከፈሉትን እባጮች አየች፣ እሱንም አየች።

«ዓይን አልነበረማ» አለች።

«ትል ነው።»

«በል ሂድና ንገራቸዋ።»

«መጀመሪያ ለባለሙያው ላሳየው» አለ።

ጌዲዮን ቀንበጡን በአጉሊ መነጽር ሲያየው ብዙም አልቆየም። «ይሄ የቆላ ነገር ነው፣ ጋሽ ሸምሱ። ትሏም፣ ይቺ እንደ አቧራ የምትታየውም እባጭ የሚያስወጡ ተባዮች ናቸው። በረሃ ላይ ደረቅ ነው፣ ሙቀት ነው፣ መጠለያ የለም፤ ለጋውን ቅጠል ነከስ ያደርጉታል፣ ዛፉ ራሱ ያብጥና ቤት ይሠራላቸዋል። ውስጡ ጥላም ምግብም ነው። እነሱ እኮ አይሠሩም፣ የሚሠራው ዛፉ ነው።» ከዚያም ቀና ብሎ «ከየት መጣ?» አለው።

«እንጃ» አለ ሸምሱ። «ነፋስ ይሆናል ያመጣው።»

ጌዲዮን ጠርጥሮ ይሁን አምኖ አልታወቀም። «ያበጠውን ሁሉ ቆርጦ ማቃጠል ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ አሁኑኑ ካልተደረገ አጥሩ በሙሉ ይሄዳል» አለው።

ሲመለስ በመንገዱ ላይ ስለ ዛፉ ቤት ሠሪነት እያሰበ ነበር። እኔ አንዲት ቃል ነው የጣልኩ፣ እባጩን የሠራላት ከሚሴ ነው ሲል አሰበ። ትንሽ ቀለል ብሎት ጥቂት ሄደ። ወዲያው ግን ነካሹ ማን ሆነና ብሎ ራሱን ጠየቀ፣ ከዚያ በኋላ እግሩ ከበደው።

ከሰዓት ኑርሁሴን ቤት የሄደው ሊናገር ነበር። ተቀመጠ። ጫቱ ቀረበ። ወሬው የረቢአ ነበር፤ አንዱ ስለ ላሟ እያወጋ ነበር፣ «አያ ሸምሱ ያየውን እኮ ነው የተናገረው» እያለ። ሸምሱ አፉን ከፈተ። ነገር ግን ትል ነው ካለ ከየት መጣ ይባላል። ከባቲ አመጣሁት ካለ ደግሞ ከዚያው ቅርንጫፍ ያዳቀላቸውን ችግኞች የገዙት ሰዎች እዚያው ተቀምጠዋል። አንዱ አጠገቡ ነበር፤ ትከሻው ይነካዋል። ሸምሱ ውኃ ጠጣና አፉን ዘጋ። ነገ እላለሁ አለ በልቡ። ቅርንጫፉንም አልቆረጠም፤ ቢያቃጥለው ለምን አቃጠልከው ይሉታላ።

ረቢአ የመጣችው ከዚያ በኋላ፣ እናቱ ዓዲላ አልጋ በያዙ ሰሞን ነው። ማለዳ ነበር። ፊቷን በሻርፗ እስከ አፍንጫዋ ሸፍናለች። በእጇ ቢጫ የፕላስቲክ ጆግ ይዛለች፤ ላዩ በሳህን ተከድኗል። በሩን አልፋ አልገባችም።

«አካም ቡልተን፣ አያ ሸምሱ» አለች፤ እንዴት አደርክ ማለቷ ነው።

«ነጋ» አላት፤ ደህና ማለቱ ነው። «ግቢ እንጂ፣ እትዬ ረቢአ።»

«አይ፣ እናትህ ያዩኛል። ለታመመ ሰው ዓይኔ ይከብድ እንደሆነ ብዬ ነው የቀረሁ፤ ጠልቻቸው አይደለም።» ጆጉን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «አያ ሸምሱ፣ ያን ቀን ማሻአላህ ብያለሁ። በልቤ ብያለሁ፣ ወላሂ። በአፌ አለማለቴን ኋላ ነው ያስታወስኩ። ምን አውቃለሁ፣ ልቤም ረስቶት ይሆናል። ትልልቆቹ የሚሉት አለ፤ ዓይኑ የነካ ሰው የተጣጠበበት ውኃ በተነካው ላይ ቢፈስ ይሽራል ይላሉ። ውዱእ ያደረግሁበትን አጠራቅሜ አምጥቻለሁ። ብትፈቅድልኝ ከሥሩ ላፍስሰው።»

ሸምሱ ቆሟል። የከፈላቸው እባጮች በወረቀት ተጠቅልለው በደረት ኪሱ ነበሩ። ሦስት ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግበት። «ተይ፣ ትል ነው» ቢል በቃ። ምላሱ ላይ መጥቶ ነበር። እሱ ግን ምን አደረገ? ወደ አጥሩ ቀደመና እንዳይወጋት እሾሁን በእጁ ገለጠላት።

ረቢአ ጎንበስ ብላ ከሥር ከሥሩ እያንጠባጠበች አፈሰሰች። እንዳያልቅባት ትቆጥበዋለች፤ ለእያንዳንዱ ግንድ ትንሽ ትንሽ። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ጆጉ ባዶ ሲሆን ቀና አለችና ያበጠውን ቅጠል አየችው፤ ወዲያው ደግሞ ማየቷ ያስፈራት ይመስል ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች። «አላህ ያሽርልህ» አለች።

«አብሽሪ» አላት ሸምሱ። ለተጨነቀ ሰው የሚባለው ይኸው ነው፤ አይዞሽ ማለት ነው። እሱ ነው እሷን ያጽናናው።

በጥድፊያ ስትሄድ ጆጉን ረሳችው። ሸምሱ ሊጠራት አፈረ። ከጥቁሮቹ ፕላስቲኮች ኋላ ደበቀውና እጁን ታጠበ። ሰው ያዋረደ ብዙ ነው። የተዋረደው ሰው መጥቶ ይቅርታ ሲለምነው ደግሞ እሾህ የገለጠለት ግን ከሱ ሌላ ማን አለ? ይህን ለዙቤይዳ እንኳ አልነገራትም።

እናቱ እየደከሙ ሄዱ። አልጋቸው በመስኮቱ ሥር ነው። እግር ኮቴ በሰሙ ቁጥር አንገታቸውን ያዞራሉ።

«ኢልመ ኮ» ይሉታል፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ረቢአ ምን ሆነች? አጣልታችኋት ነው?»

«ሥራ በዝቶባት ነው፣ እማ።»

«የሙት አጣቢ ሥራ ከበዛበትማ አገሩ አልቋል» ይሉና ይስቃሉ፤ ሳቁ ሳል ይሆንባቸዋል። አንድ ቀን ግን አልሳቁም። እጁን ያዙት። «ሌላ ሰው እንዳይነካኝ። እሷ ናት የምታጥበኝ። ወሲያዬ ነው» አሉ። ወሲያ ማለት የሙት ቃል ነው፤ የማይሻር አደራ። ሸምሱ «ኢንሻአላህ» አለ። ዙቤይዳ ከጓዳ ሆና ሰማች፤ ሲወጣም «ሰፈሩ የማያስጠጋትን ሴት እንዴት አድርገህ ነው የምታመጣ? ሳይረፍድ ንገራቸው» አለችው። «ነገ» አላት። ነገ የሚለውን ቃል እንደዚያ ሰሞን ያሠራው ሰው የለም።

ዓዲላ ያረፉት በዓርብ ጠዋት፣ ከሱብሒ፣ ከንጋቱ ሶላት፣ በኋላ ነው። የቅሬው ሰው ተጠራ፣ ድንኳን ተተከለ፣ መገነዣው ከፈን ተገዛ። ሴቶቹ በጓዳ በር ተሰብስበው ሲንሾካሾኩ ቆዩ። ዙቤይዳ «ወሲያ አለባቸው፣ ረቢአ ናት የምታጥባቸው» ብላ ነበር። አንዷ «በጀናዛ ላይ ደሞ?» አለች። ኑርሁሴን ወደ ሸምሱ መጥቶ በጆሮው «ከሌላ ቀበሌ እናስጠራ ወይስ እንዴት ይሁን?» ሲል ጠየቀው። ፀሐዩ እየወጣ ነበር። ከጁምዓ ሶላት በፊት መታጠብ ነበረባቸው።

«ራሴ ሄጄ እጠራታለሁ» አለ ሸምሱ።

ረቢአ በሯ ክፍት ነበር። ታጥባ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሳ፣ ሻርፗን አስተካክላ በበርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ሰምቻለሁ» አለች። «ለአላህም ለሳቸውም ብዬ ተዘጋጅቼ ነው የተቀመጥሁ። ግን አልመጣም፣ አያ ሸምሱ። ነገ ከዚያ ቤት አንድ ሰው ቢያመው በእናትህ ጀናዛ ነው የሚያሳብቡት። እሳቸውን እንዲህ አላደርጋቸውም።»

«እትዬ ረቢአ፣ ዓይን አልነበረም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ተባይ ነው። እኔ ነኝ ከባቲ በቅርንጫፍ ያመጣሁት።»

ረቢአ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ «መቼ አወቅህ?» አለችው።

ሸምሱ ትናንት ሊል ነበር። ትናንት ማለት ቀላል ነው፤ ማንም አይመረምረውም፣ ሁሉንም ነገር ያለዝባል። ቃሉ ከጥርሱ ደረሰ። እናቱ በዚያ ቤት ተዘርግተው ይጠብቁ ነበር።

«ውኃውን ሳታመጪ በፊት» አለ።

ረቢአ እጆቿን አየቻቸው። ሸምሱ ብትሰድበው ወደደ፤ እሷ ግን አልሰደበችውም።

«የነገርከኝን እዚያም ንገር» አለች በመጨረሻ። «ሰው ፊት ነው የተነገረብኝ። ስትጨርስ ጥሩኝ።»

ሸምሱ ተመለሰ። ወደ ድንኳኑ አልገባም፤ መጀመሪያ ወደ አጥሩ ሄዶ እባጭ የበዛበትን ቅርንጫፍ ቆረጠ። ይዞ ሲገባ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው፤ ለቅሶ ላይ ቅርንጫፍ ይዞ የገባ ሰው አይተው አያውቁም። በመካከላቸው ቆሞ አንዱን እባጭ በቢላዋ ከፈለና ለኑርሁሴን ሰጠው። ሌላውን ከፍሎ ላጠገቡ ሰጠ።

«ውስጡን እዩት» አለ። «አጥሬን የበላው ይሄ ነው። ከቆላ ይዤው የመጣሁት እኔ ነኝ፤ አታምጡ ተብዬ ነበር። ለሸጥኩላችሁም ችግኝ ሳይተላለፍ አይቀርም፣ ያበጠ ካያችሁ አምጡልኝ። ረቢአ ዓይኗ አልነካም። ያልኩት እኔ ነኝ። ስል አላውቅም ነበር። ኋላ ግን አወቅሁ፣ አውቄም ዝም አልኩ። ስትጠሏት እያየሁ አብሬያችሁ እቅም ነበር።»

የተከፈለው እባጭ ከእጅ እጅ ዞረ። ያተኮሰው ልጅ አያት ኑርሁሴን ትሏን በጣቱ ጫፍ ነካት፣ ከዚያ ጣቱን በጋቢው ጠረገ። «አስተግፊሩላህ» አለ፣ አላህ ይማረን ሲል። «አንተ ብትናገር፣ ያዛመትነው እኛ አይደለን?» ሸምሱን ለማጽናናት ነበር። ሸምሱን ግን አላጽናናውም። ያ ችግኝ የገዛው፣ ጫት ላይ አጠገቡ ተቀምጦ ትከሻውን ሲነካው የነበረው ሰው ወደ ሌላ ወገን ዞሮ ተቀመጠ።

ረቢአን የጠራት ኑርሁሴን ራሱ ነው። በሰው መካከል ቀጥ ብላ አለፈች፣ ሸምሱን አላየችውም። ከመጋረጃው ኋላ ገብታ ሴቶቹን ማዘዝ ጀመረች። ወዲያው ድምፅዋ ወጣ፦ «የቁርቁራ ቅጠል አምጡ። ንጹሕ ይሁን።»

ቅጠል የሚያመጣው ባለ አጥሩ ነው። ሸምሱ ወጣ። ድንኳኑ ከአጥሩ ፊት ለፊት ስለሆነ ሁሉም ያየዋል። አንዱን ቅርንጫፍ ገለጠ፤ አብጧል። ሌላውን ገለጠ፤ አብጧል። ለስንቱ እናት ሲቆርጥ የኖረ ሰው ለራሱ እናት እባጭ የሌለበት ቅጠል አጣ። በጉልበቱ ተንበርክኮ ከታች፣ ከግንዱ አጠገብ፣ ረቢአ ውኃዋን ካንጠባጠበችበት ሥር እጁን ሰደደ፤ እዚያ ያረጁና ያልተነኩ ጥቂት ቅጠሎች ነበሩ። አንድ በአንድ ለቀማቸው። እሾሁ እጁን ቧጨረው። ማንም ሊያግዘው አልተነሣም፣ እሱም አልጠበቀም።

ዙቤይዳ ደግሞ የውኃ ማፍሰሻ ፍለጋ ትሯሯጥ ነበር፤ የቤቱ ሁሉ ዕቃ ለለቅሶኛ ወጥቷል። ከጥቁሮቹ ፕላስቲኮች ኋላ አንድ ቢጫ ጆግ አየችና የማን ነው ሳትል አነሣችው። ሸምሱ ቅጠሉን ይዞ ሲመጣ ጆጉ በመጋረጃው ሥር ሲገባ አየ። ልቀበልሽ ሊላት ነበር፤ ዘገየ።

ከውስጥ ረቢአ በኦሮምኛ ለዓዲላ ቀስ ብላ አንድ ነገር ስትላቸው ተሰማ፤ እንደ ድሮው፣ እንደ ጨዋታ። ከዚያ ውኃው መፍሰስ ጀመረ። በትንሽ በትንሹ ነበር፣ እንዳያልቅ እንደሚቆጠብ ውኃ። ሸምሱ ድምፁን ያውቀዋል። ጀርባውን ለመጋረጃው ሰጥቶ ቆሞ፣ ለእናቱ ያላለቀሰውን ያን ጊዜ አለቀሰ፤ ሰዎቹ ለእናቱ መሰላቸው።

ለቅሶው ሲወጣ ሸምሱ ጆጉን አጥቦ ወደ ረቢአ ቤት ሄደ። በደጃፏ ቆሞ «አውፍ በይኝ» አላት፤ ይቅር በይኝ ማለቱ ነው። ረቢአ ጆጉን ተቀበለች።

«አውፍ ብያለሁ» አለች። «አላህም አውፍ ይበልህ። ያን ቀን ግን፣ አያ ሸምሱ፣ ሳፈስ እያየህ፣ ተይ ማለት አቅቶህ ነው?»

«አቅቶኝ ነው» አለ።

ረቢአ «አብሽር» አለችውና ወደ ቤቷ ገባች።

በማግሥቱ አጥሩን ከሥሩ ነቅሎ አቃጠለው። የሰፈሩም ሰው ወደ ቀልቡ ተመለሰ፤ ሴት ስትሞት የምትጠራው ዛሬም ረቢአ ናት፣ አራስም ሕፃኗን አትሸፍንባትም። ነገሩ ተረሳ ይላል ሰው። ግን በየማለዳው ረቢአ ወደ ገበያ ስትሄድ በችግኝ ማፍያው ደጅ ታልፋለች። ድሮ በልቧ የምትለውን አሁን ጮክ ብላ ነው የምትለው። ችግኙን አይታ «ማሻአላህ» ትላለች። ባጃጁን፣ የሰው ፍየል፣ የትምህርት ቤት ልጆችን አይታ «ማሻአላህ» ትላለች፤ ሰው እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ዓይኗን ቶሎ ወደ መሬት መልሳ። ቁርቁራው የነበረበት ቦታ ላይ ስትደርስም እንዲሁ ናት። እዚያ የሚታይ ነገር የለም፣ ሽቦ ብቻ ነው። ሽቦውንም «ማሻአላህ» ብላው ታልፋለች። ሸምሱ ከችግኞቹ መካከል አጎንብሶ ይሰማታል፣ እስክታልፍ ድረስም ቀና አይልም።